ሲከፈት ብሬከር የሚጥለው አምፕሊፋየር፦ ከቱሉ ዲምቱ የመጣ ጉዳይ

አምፕሊፋየሩ ሲከፈት የቤቱ ብሬከር ይወርዳል። ሁልጊዜ ግን አይደለም። አንዳንዴ ያለምንም ችግር ይነሳና ቀኑን ሙሉ ሲዘፍን ይውላል። ሌላ ጊዜ ቁልፉ ገና ሲነካ «ድም» ይልና ሳሎኑ ይጨልማል። ብሬከሩን ወደ ላይ መልሰው ሲሞክሩት ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይሠራል። ይህ የገጠማችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ተቃጥሏል ተብለው ለጥገና ከሚመጡልኝ ትልልቅ አምፕሊፋየሮች መካከል ጤነኛው ቀላል አይደለም። ስለዚህ አንዱን ጉዳይ ከነዝርዝሩ ልጻፈው።

ባለቤቱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የሙዚቃ ሸክላ ይሰበስባሉ። አምፕሊፋየሩ ከብዙ ዓመት በፊት ከውጭ የገባ የቤት ስቴሪዮ ነው፤ ለብቻ ለማንሳት የሚከብድ ዓይነት። ክብደቱ የሚመጣው ውስጡ ካለው ትራንስፎርመር ነው። ቀለበት ቅርጽ ያለው፣ ቶሮይድ የምንለው ነው። ጋሼ ፉሪ አካባቢ ግቢ ውስጥ ተከራይተው ሲኖሩ ለዓመታት አንድም ቀን አላስቸገራቸውም። ጣጣው የጀመረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ከገቡ በኋላ ነው።

እኔ ጋ ከመድረሳቸው በፊት ሌሎች ባለሙያዎች አይተውላቸዋል። አንዱ «አውትፑት ትራንዚስተሮቹ ሾርት አድርገዋል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» አላቸው። ሌላው ደግሞ አምፕሊፋየሩን ጨርሶ ሳይከፍት «ብሬከሩ አንሷል፣ 32 አምፔር እናስገባልዎ» አለ። ጋሼ ሁለቱንም አልተቀበሉም። መጀመሪያ ስልክ ነው የደወሉልኝ፣ እኔም ጥያቄዬን በስልክ ጀመርኩ።

«ጋሼ፣ የሚጥለው ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ነው ወይስ ገና ሲከፍቱት?»

«ገና ስከፍተው ነው ልጄ። ከተነሳማ ሠርግ ያስጨፍራል።»

«የራሱ ፊውዝስ? ከኋላው ያለው። ተቃጥሎ ያውቃል?»

«ኧረ የለም። እሱ ደህና ነው፣ ነክቼውም አላውቅ።»

በእነዚህ ሁለት መልሶች ብቻ ጉዳዩ ግማሽ መንገድ ሄደ። አውትፑት ትራንዚስተር (ስፒከሩን የሚነዳው) ወይም ዳዮድ ብሪጅ (ተመላላሹን ኮረንቲ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚቀይረው) ሾርት ያደረገበት አምፕሊፋየር አንዴ ሠርቶ አንዴ አይተውም። በተከፈተ ቁጥር ያጠፋል፣ የራሱንም ፊውዝ ይበላል። ድምፅ ሲጨምር የሚጥል ከሆነ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ ስፒከሩን፣ የስፒከር ሽቦውንና የጭነቱን መጠን ማየት ይመጣል። የጋሼ ግን በመክፈቻዋ ቅጽበት ብቻ ነው። አንዳንዴ ነው። ፊውዙ ደግሞ ጤነኛ ነው። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ትራንስፎርመሩ ሲነሳ የሚጎትተውን ኮረንቲ ነው።

ቢሆንም በስልክ ምርመራ አይጨረስም። ቤታቸው ሄድኩ።

መጀመሪያ ያየሁት የብሬከር ሳጥኑን ነው። ቴስት የሚል ቁልፍ ያለው፣ ኮረንቲ ወደ መሬት ሲፈስ የሚቆርጠው ዓይነት መከላከያ ሳጥኑ ውስጥ የለም። ይህን ማየት ጠቃሚ ነው። እሱ ቢኖርና የሚወርደው እሱ ቢሆን ኖሮ ፍለጋው ወደ ፍሳሽ ይሄድ ነበር፦ ከሽቦ ወደ ቆርቆሮው፣ ከትራንስፎርመር ወደ ብሎኑ። እዚህ ግን የሚወርደው የሳሎኑ ሶኬት ብሬከር ነው። ፊቱ ላይ «ቢ 16» ይላል። ብዙ ሰው 16ቱን ያያል እንጂ ከፊቱ ያለችውን ፊደል አያይም። የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ግን እሷ ናት።

ብሬከር ውስጥ ሁለት ጠባቂ አለ። አንዱ ሲሞቅ የሚታጠፍ ብረት ነው። ቀርፋፋ ነው፤ ጫና ሲበዛ በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች ይቆርጣል። ሁለተኛው ጥቅል ሽቦ ነው። ኮረንቲው በድንገት ሲዘል ማግኔት ሆኖ ወዲያው ይቆርጣል፣ ሙቀት አይጠብቅም። ፊደሏ የምትናገረው የዚህን የሁለተኛውን ስሜት ነው። አይኢሲ 60898 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መሠረት ቢ የሚል ብሬከር ከቁጥሩ ከ3 እስከ 5 እጥፍ ባለው መካከል ይቆርጣል። ሲ ከ5 እስከ 10 እጥፍ፣ ዲ ደግሞ ከ10 እስከ 20 እጥፍ። ስለዚህ የጋሼ ቢ 16 ከ48 እስከ 80 አምፔር መካከል የሆነ ቦታ ላይ ወዲያው ይወርዳል ማለት ነው። 16ቱ የሚመለከተው ቀርፋፋውን ጠባቂ ነው።

አሁን «ጫና በዝቶበት ነው» የሚለውን እንይ። አምፕሊፋየሩ ሙዚቃ ሳይጫወት 50 ዋት ገደማ ነው የሚወስደው። በ220 ቮልት ሩብ አምፔር እንኳ በቅጡ አይሞላም። እንጀራ የሚጋገርበት ምጣድ 15 አምፔርና ከዚያ በላይ እየወሰደ ሰዓታት ሲሠራ ይውላል፣ የመስመሩ ብሬከርም አይወርድም። ታዲያ ሩብ አምፔር የሚወስድ ዕቃ እንዴት 48 አምፔር የሚጠብቀውን ጠባቂ ይቀሰቅሳል?

መልሱ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ያለው ብረት ነው። ትራንስፎርመር በሰላም ሲሠራ ኮረንቲውን የሚገታው የሽቦው ሬዚስታንስ (ኮረንቲን የመቋቋም አቅሙ) አይደለም፤ ብረቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ማግኔት ነው። ግን ብረት የሚችለው የማግኔት መጠን ልክ አለው። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ቮልቴጁ በሰከንድ 100 ጊዜ ዜሮን ያቋርጣል። ቁልፉን የነካችሁት ልክ ዜሮ ላይ እያለ ከሆነ በመጀመሪያው ግማሽ ዙር ብረቱ ከተለመደው እጥፍ የሚጠጋ ማግኔት እንዲሸከም ይጠየቃል። ካለፈው ሲጠፋ ውስጡ የቀረ ማግኔት በዚያው አቅጣጫ ካለ ደግሞ ይብስበታል። ብረቱ ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ መገታት የለም። ትራንስፎርመሩ ለጥቂት ሚሊሰከንድ ተራ የመዳብ ሽቦ ይሆናል፣ ሶኬቱ ላይ ያለው ሁሉ በሱ ውስጥ ይሮጣል። ቶሮይድ ይህን ከአራት ማዕዘኑ ትራንስፎርመር በላይ ያደርገዋል፤ ቀለበቱ ክፍተት ስለሌለው ማግኔቱን ይዞ ያድራል፣ የሽቦውም ሬዚስታንስ አነስተኛ ነው።

«አንዳንዴ» የሚለው ነገርም ከዚሁ ይመጣል። ጣት ቁልፉን የሚጫነው ሞገዱ የት ላይ እንዳለ አይቶ አይደለም። ዜሮው አካባቢ ከገጠመ ይወርዳል፣ ጫፉ አካባቢ ከገጠመ በሰላም ይነሳል።

የአምፕሊፋየሩ ፊውዝ ለምን አልተቃጠለም ለሚል ደግሞ፣ እሱ ቀርፋፋ ፊውዝ ነው፤ ፊቱ ላይ ቲ የሚል ፊደል አለበት። የሚቀልጠው በሙቀት ስለሆነ 10 ሚሊሰከንድ ያህል የምትቆይ ግፊት አታቀልጠውም። የብሬከሩን ማግኔት ግን ትበቃዋለች። በፊውዙ ቦታ ፈጣኑን ማስገባት ወይም ቁጥሩን መቀየር አይገባም። የተጻፈበትን ብቻ።

ንድፈ ሐሳቡ ይህ ነው። ለማረጋገጥ ግን ዕቃው መከፈት አለበት።

ሶኬቱን ነቅዬ ክዳኑን ፈታሁ። ከመንካቴ በፊት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ትልልቆቹን ካፓሲተሮች በሬዚስተር (ኮረንቲን በሚገታ ዕቃ) አራገፍኩ። በየወገኑ 20,000 ማይክሮፋራድ አለ፣ ቮልቴጁም ፕላስና ማይነስ 52 ነው፤ ካቻቢቴ አጋድሞ ማራገፍ ካፓሲተሩንም ዓይንንም ይጎዳል፣ እባካችሁ አታድርጉት። ከኋላ ያለው የቮልቴጅ መምረጫ 220 ላይ መሆኑን አየሁ። ከውጭ በመጣ ዕቃ ይህን ሳያዩ ማለፍ አይቻልም። ዳዮድ ብሪጁን በቴስተር ለካሁ፤ ጤነኛ ነው። አውትፑት ትራንዚስተሮቹን ለካሁ፤ አንዱም ሾርት የለውም። ከሶኬቱ ሁለት እግሮች ወደ ቆርቆሮው በ500 ቮልት መለኪያ ሞከርኩ፤ ምንም ፍሳሽ የለም።

ዓይኔን የያዘው የመክፈቻው ቁልፍ ነው። ሽፋኑን ሳነሳ ሁለቱ የመገናኛ ነጥቦች ጠቁረዋል። አንደኛው መሃሉ በብልጭታ ተበልቶ ትንሽ ጉድጓድ አውጥቷል፣ ጠርዙ ላይም የቀለጠ ብረት ጠብታ ተጣብቋል። ሩብ አምፔር እንዲህ አያደርግም። ይህ ቁልፍ ለዓመታት፣ ፉሪም እያለ፣ በየመክፈቻው ትልቅ ኮረንቲ ሲያስተናግድ ኖሯል ማለት ነው። ልዩነቱ እዚያ ብሬከሩ ዝም ማለቱ ነው።

ቀጥሎ ሲሪስ አምፖል። የድሮውን ክር ያለውን 100 ዋት አምፖል በአንዱ መስመር ላይ በተከታታይ አስገብቼ አምፕሊፋየሩን በሱ በኩል ከፈትኩት። ኤልኢዲ ወይም ኢኮኖሚ አምፖል ለዚህ አይሆንም፣ ክሩ ነው የሚሠራው። አምፖሉ አንዴ ቦግ አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ደበዘዘና ቀይ ጭላንጭል ብቻ ቀረ። ጤነኛ አምፕሊፋየር እንዲህ ነው የሚያሳየው። ውስጡ ሾርት ቢኖር አምፖሉ ቦግ እንዳለ ይቀር ነበር። የስፒከር መውጫዎቹን ለካሁ፤ ዲሲው (እዚያ መኖር የሌለበት የአንድ አቅጣጫ ቮልቴጅ) ከ20 ሚሊቮልት በታች ነው። ትራንዚስተር ይቀየር የተባለው ነገር በዚህ አበቃ።

አሁን አንድ ጥያቄ ይቀራል። ጥፋተኛው ትራንስፎርመሩ ነው ወይስ እነዚያን ትልልቅ ካፓሲተሮች የሚሞላው ኮረንቲ? ሁለቱም ሲነሱ ይጎትታሉ። ለመለየት ትራንስፎርመሩን ከቦርዱ ነቀልኩት። ሁለተኛ ወገን ሽቦዎቹን (ወደ ቦርዱ የሚሄዱትን) ለየብቻ ሸፍኜ፣ ምንም ሳይሸከም፣ ባዶውን በሳሎኑ ሶኬት ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ደግሜ ከፈትኩት። ብዙም ሳይቆይ ብሬከሩ ወረደ። ከትራንስፎርመሩ ሌላ ምንም አልተገናኘም። ጋሼ አጠገቤ ቆመው ነበር፤ «እና ራዲዮኑ አልተበላሸም?» አሉ። አልተበላሸም።

ከዚያ ቁጥሩን አስልተን አየነው። የትራንስፎርመሩ አንደኛ ወገን (ከሶኬቱ የሚገናኘው) ሬዚስታንስ፣ የቴስተሩ ገመድ ተቀንሶ፣ 1.8 ኦም ነው። የቤቱን መስመር ለማወቅ የውሃ ማፍያ ሰካንና የሶኬቱን ቮልቴጅ አየን፤ ከ226 ወደ 222 ወረደ። የማፍያው 9 አምፔር 4 ቮልት ካወረደ መስመሩ 0.45 ኦም ገደማ ነው። የሞገዱ ጫፍ 320 ቮልት ይሆናል። ለ2.25 ሲካፈል ወደ 140 አምፔር ይመጣል። ይህ ጣሪያው ነው፣ በተግባር ሁልጊዜ እዚያ አይደርስም። ግን ግማሹ እንኳ ቢደርስ ቢ 16ን ሊጥል ይችላል።

ፉሪ ለምን እንዳልጣለ የሚያስረዳውም ይኸው ስሌት ነው። ጋሼ እንዳሉኝ እዚያ ግቢ መብራቱ የሚመጣው ከሩቅ ምሰሶ በቀጭን ሽቦ ነው፣ አከራዮቹ ምጣድ ሲሰኩ የሁሉም ተከራይ አምፖል ይደክም ነበር። አምፖል የሚያደክም መስመር ሬዚስታንሱ ትልቅ ነው፤ የአምፕሊፋየሩንም የመነሻ ግፊት እሱው ይገታዋል። የብሬከሩን ዓይነት አላየሁትም፣ ግን ደካማው መስመር ብቻውን ብዙውን ያስረዳል። ቱሉ ዲምቱ ደግሞ መስመሩ ጠንካራ ነው። ቤቱ ስለተሻለ ነው ችግሩ የወጣው።

ወደ መፍትሔው ከመግባቴ በፊት የማይሆኑትን ላንሳ፣ ምክንያቱም ጋሼም አንዱን ሞክረው ነበር። የኩሽናው የምጣድ መስመር ብሬከሩ ትልቅ ስለሆነ ከሱ ላይ ዲቫይደር ሰክተው በኮሪደሩ አሳልፈው ሳሎን ድረስ ዘርግተዋል። አይጥልም፣ እውነት ነው። ግን ያ ቀጭን የዲቫይደር ገመድ ለምጣድ በተሠራ ብሬከር ነው የሚጠበቀው። ገመዱ ሲግል ብሬከሩ አያውቅም። 32 አምፔር ብሬከር ሳሎን ውስጥ ማስገባትም ያው ነው፤ የግድግዳው ሽቦ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው፣ ሶኬቱ ራሱ ለ16 የተሠራ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። እሱን ማሳደግ ጠባቂውን ማሰናበት ነው። በዚህ ነገር ቤት ሲቃጠል ስለማውቅ ኮስተር ብዬ ነው የምናገረው።

ስታቢላይዘር ልግዛ የሚሉም አሉ። ስታቢላይዘር ውስጥ ያለውም ትራንስፎርመር ነው፤ እሱም ሲነሳ ይጎትታል።

ቢ 16ን በሲ 16 መተካት ግን ከነዚህ ይለያል። የሙቀት ጠባቂው 16 ስለሆነ ሽቦው እንደተጠበቀ ነው። በብዙ ቤት ይበቃል። ነገር ግን ሲ 16 እርግጠኛ ሆኖ ወዲያው እንዲቆርጥ እስከ 160 አምፔር ሊፈልግ ይችላል፤ ያ ደግሞ መስመሩ ደርሶ መልስ ከ1.4 ኦም ገደማ በታች እንዲሆን ይጠይቃል። ከከተማ ጫፍ ባሉ ረጅም መስመሮች ይህ ላይሟላ ይችላል፣ ያኔ እውነተኛ ሾርት ሲፈጠር ብሬከሩ ይዘገያል። ጋሼ ቤት መስመሩ ይችላል። ግን የኛ ስሌት 140 ነው፣ ሲ 16 የሚቆርጠው ከ80 እስከ 160 ባለው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ መጣሉ ላይቀር ይችላል። የተበላውንም ቁልፍ አያድነውም። እኔ ግፊቱን ከምንጩ መግታት መረጥኩ።

ቀላሉ መንገድ ቴርሚስተር ነው። ሲቀዘቅዝ 10 ኦም ያህል ሆኖ ይገታል፣ ሲሞቅ ወደ ምንም ይወርዳል። አንድ ዕቃ ነው፣ ብየዳውም አይከብድም። ለኛ አገር ግን አልወደውም። መብራት ሄዶ ከተፍ ብሎ የሚመለስበትን አስቡት። ቴርሚስተሩ ገና እንደጋለ ነው፣ ለመቀዝቀዝ ደቂቃ ይፈልጋል፤ መብራቱ በሰከንድ ሲመለስ ምንም አይገታም። በዚያች ቅጽበት ደግሞ ፍሪጁም ቴሌቪዥኑም አብረው ይነሳሉ። እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት የለም ማለት ነው።

ስለዚህ የሠራሁት በሬዚስተርና በሪሌይ (በኮረንቲ በሚንቀሳቀስ ቁልፍ) ነው። በቁልፉና በትራንስፎርመሩ መካከል ሁለት 68 ኦም፣ 10 ዋት የሲሚንቶ ሬዚስተሮች ጎን ለጎን አስገባሁ፤ 34 ኦም ይሆናሉ። አሁን ሞገዱ የትም ይሁን ከ10 አምፔር በላይ ማለፍ አይችልም። ግማሽ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሪሌይ ሬዚስተሮቹን ይዘላቸዋል፣ አምፕሊፋየሩም ሙሉ ኃይሉን ያገኛል። ሪሌዩ 16 አምፔር የሚችል ነው፣ የራሱ ትንሽ ትራንስፎርመር አለው።

ሁለት ነገር ላይ ጊዜ አጠፋሁ። አንደኛው ሪሌዩ መብራት ሲሄድ በፍጥነት መልቀቁ ነው። ተሠርተው የሚሸጡ ቦርዶች አንዳንዶቹ ትልቅ ካፓሲተር ስላላቸው መብራት ከሄደ በኋላም ሪሌዩን ይዘው ይቆያሉ። መብራት ቶሎ ሲመለስ ሬዚስተሩ ተዘሎ ያገኘዋል፣ ከቴርሚስተሩ የተሻለ ነገር አልሠራንም ማለት ነው። ካፓሲተሩን አሳንሼ፣ የቆይታ ሰዓቱም በያንዳንዱ መቋረጥ ከዜሮ እንዲጀምር አደረግኩት። ሁለተኛው ሪሌዩ አንድ ቀን ባይነሳስ የሚለው ነው። ያኔ ሙዚቃው ሁሉ በሬዚስተሮቹ ውስጥ ያልፋል፣ እነሱም ይግላሉ። በላያቸው የሙቀት ፊውዝ አሰርኩ። የሙቀት ፊውዝ በካውያ አይበየድም፣ የካውያው ሙቀት ራሱ ይበጥሰዋል፤ በብሎን ማሰሪያ ነው የያዝኩት። ሬዚስተሮቹን ከቦርዱ ከፍ አድርጌ፣ ከሌላ ሽቦ አርቄ አቆምኳቸው። የተበላውን ቁልፍ በተመሳሳይ ቀየርኩ።

ከዚያ ፈተና። በተከታታይ ከፈትን፣ ዘጋን፣ ከፈትን። ጋሼ ራሳቸው እንዲሞክሩት ሰጠኋቸው። የሚሰማው መጀመሪያ ጸጥ ያለ መነሳት፣ ቀጥሎ የሪሌዩ «ጠቅ» ብቻ ነው። ያ «ድም» የሚለው ድምፅ የለም፣ የሳሎኑ አምፖልም አይርገበገብም። ሸክላው እየተጫወተ ብሬከሩን በእጄ አውርጄ ወዲያው መለስኩት፤ መብራት ሄዶ እንደመጣ ማለት ነው። ዝም አለ፣ ጠቅ አለ፣ ቀጠለ። አንዴም አልወረደም።

የኩሽናውን ዲቫይደር ነቅለን ጠቀለልነው።

የእናንተ አምፕሊፋየር ከዚህ ጋር ካልገጠመ ይህን መፍትሔ አትቅዱት። ሲሪስ አምፖሉ ቦግ እንዳለ ከቀረ፣ ፊውዙ በተከፈተ ቁጥር ከተቃጠለ፣ ወይም የሚወርደው ቴስት ቁልፍ ያለው መከላከያ ከሆነ ውስጡ ብልሽት ወይም ፍሳሽ አለ፤ ሬዚስተርና ሪሌይ እሱን አያድኑም። ክዳን ፈትታችሁ የማታውቁ ከሆነም አምፖሉን ጨምሮ ሁሉንም ለባለሙያ ስጡ፣ ግን ስትሰጡ «መቼ ነው የሚጥለው፣ ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ፣ ፊውዙስ» ለሚሉት መልሱን ይዛችሁ ሂዱ። የብሬከሩን ፊት ፎቶ አንስታችሁ ብትወስዱለት ደግሞ በጣም ይረዳዋል፤ ፊደሏ እንድትታይ አድርጋችሁ።